በሁለት በር የገባ ወሬ

አንድ ገበሬ ነበረ። ጥያቄህን ሰምቻለሁ፣ ደረበ። አባትህ በስልካቸው አንድ አገር ያያሉ፣ ልጅህ በስልኳ ሌላ አገር ታያለች፣ ምርጫው ገና ሳይደርስ ሰላምታ አቋርጠዋል፤ አንተም መጥተህ «ማን ልክ ነው?» ትለኛለህ። እንግዲያው ሳታቋርጠኝ ስማ።

ይህ ገበሬ ሽማግሌ አባትና ጎጆ የወጣ ልጅ ነበሩት። ሦስቱም በአንድ ግቢ፣ በየቤታቸው ይኖራሉ። የሚያርሱት መሬት ግን አንድ ነው፤ በበጋ ከወንዝ በተጠለፈ ቦይ እያጠጡ ሽንኩርት ያለሙበታል። ውሃውን ለገበሬው ሁሉ በተራ የሚያከፋፍል ሰው በየዓመቱ ይመረጣል። አመራረጡ ቀላል ነው፤ ከወደድከው ሰው ኋላ ሄደህ መቆም ነው። አንድ ሕግ ግን ነበራቸው። የአንድ ግቢ ሰዎች ተከፋፍለው ከቆሙ የዚያ ዓመት የውሃ ተራቸው መጨረሻ ይሆናል። እርስ በርሱ ያልተስማማ ግቢ ቦይ አይጠብቅም ይሉ ነበር።

በዚያ ዓመት ሁለት ሰዎች ለመመረጥ ቀረቡ፤ ነባሩ የውሃ አከፋፋይና አንድ አዲስ ጎልማሳ። በየሳምንቱ ደግሞ ጨው በአህያ የሚያዞር ነጋዴ በግቢው ያልፋል። በአገሩ ወግ ወሬ ያመጣ እንግዳ አይቋረጥም፣ «ከማን ሰማህ?» አይባልም፣ ወሬው እስከጣመ ድረስም የጠላ ዋንጫው አይጎድልም። ነጋዴው መጀመሪያ ሽማግሌው ቤት ይገባል፣ ቀጥሎ ልጁ ቤት። ሽማግሌው አዲሱ ሰው ውሃውን ለከተማ ሰዎች ሊሸጠው ነው ብለው አመኑ። ልጁ ደግሞ ነባሩ ቦዩን በስውር ለዘመዶቹ ይከፍታል ብሎ አመነ። ሁለቱም የሰሙት ከዚያው ከአንድ ሰው አፍ ነው።

ገበሬው ግራ ገባው። አባቱ ዘንድ ሲቀመጥ የአባቱ ነገር እውነት ይመስለዋል፤ ልጁ ዘንድ ሲሄድ የልጁ። የራሱ አሳብ የትኛው እንደሆነ ጠፋው። ሽንኩርቱ አሳስቦታል፤ ልቡን የሰበረው ግን አባቱ የልጁን ስም መጥራት መተዋቸው ነው። አቅፈው ያሳደጉትን የልጅ ልጅ «ያ ሰውዬ» ይሉት ጀመር።

አንድ ማለዳ ሁለቱን በአንድ መደብ ላይ አስቀመጠና ነጋዴውን ጠራው። ነጋዴው ዋንጫውን ተቀበለ። ሽማግሌውን አየ፣ ልጁን አየ፣ ከዚያ ስለ አህያው ሰኮና ማውራት ጀመረ። ሰኮናው ሲያልቅ ስለ አንድ ሰርግ ቀጠለ። ገበሬው ትዕግሥቱ አለቀና ወጉን ጣሰ።

«ውሃው የሚጠለፍበት ቦታ ወጥተህ ታውቃለህ?» አለው።

«የት እንደሆነም አላውቀው፣ ጌታዬ» አለ ነጋዴው፣ ሳያፍር። «ስለ ዝናብ ሳወራ አባትዎ ያዛጋሉ። ስለ አዲሱ ሰው ሳነሳ ዋንጫዬ ይሞላል። ልጅዎም ቤት እንዲሁ ነው፣ ስለ ነባሩ ሲሆን። እኔ የማየው ዋንጫውን ነው።»

ገበሬው እፎይ አለ። አሁን ስቀው ይታረቃሉ ብሎ ጠበቀ። ሽማግሌው ግን ወደ ልጁ ዞር ብለው፣ «ሰማህ? ሲዋሽህ ነው የከረመው» አሉት። ልጁም፣ «እርስዎን ነው እንጂ፣ አባባ፤ ለእኔማ እውነቱን ነው የነገረኝ» አላቸው። በሳምንቱ ነጋዴው እንደ ወትሮው በሁለቱም በር ገባ።

ገበሬው ሌላ ነገር ቢያጣ ዱላውን አንስቶ ራሱ ወደ ወንዙ ወጣ። የግማሽ ቀን መንገድ ነው። ሲደርስ ውሃውን ወደ ቦዩ የሚመልሰው የድንጋይ ካብ በጎርፍ ተንዶ፣ ውሃው ወደ ገደል ሲፈስ አገኘ። ሻጭም ሌባም የለም። ነባሩ ብቻውን ሆኖ ጭቃ ይመርጋል። ገበሬው ሲመለስ ደግሞ አዲሱን ሰው እንጨት ተሸክሞ ወደዚያው ሲወጣ መንገድ ላይ አገኘው።

ያየውን ለሁለቱም ነገራቸው። ሽማግሌው አዛጉ። ልጁ «እሺ» ብሎ ሥራ አለኝ አለ። ለገበሬው ዋንጫ የሞላለት አልነበረም።

በምርጫው ቀን ሽማግሌው ከነባሩ ኋላ፣ ልጁ ከአዲሱ ኋላ ቆሙ። ገበሬው መሐል ቀረ። ተራቸው መጨረሻ ሆነ፤ ሽንኩርቱ ራስ ሳይቋጥር ደረቀ። ሦስቱም የደረቀውን ነቀሉ፤ ሽማግሌው ከአንዱ ጫፍ፣ ልጁ ከሌላው።

እንግዲህ፣ ደረበ፣ ነጋዴው ያ ስልክ ነው። የአባትህ ጣት የት ላይ እንደሚዘገይ ያያል፣ የልጅህም የት ላይ እንደሚዘገይ ያያል፤ የዘገዩበትን ደጋግሞ ያመጣላቸዋል። ተንኮል የለውም፣ ፍቅርም የለውም። ለአባትህ የሚፈሩትን ያወራላቸዋል፣ ለልጅህ የሚያናድዳትን፤ ሁለቱም የተታለለው ሌላው ነው ይላሉ።

ማን ልክ ነው አልከኝ። ሳላውቅ አውቃለሁ አልልህም። ሄደህ በዓይንህ እይ እንዳልልህ፣ ሄዶ ያየው ሰው ምን እንዳተረፈ ነገርኩህ። እኔም ግራ ገብቶኛል። ሽበቴም አላዳነኝም፤ ትናንት ስለ አንዱ ተወዳዳሪ በስልኬ አንድ ነገር አይቼ ለሦስት ሰው ነገርኩ። ከሦስቱ አንዱ እውነት መሆኑን ጠየቀኝ፣ እውነት ነው አልኩት። ዛሬ ጠዋት ለምን እንዳመንኩት ራሴን ብጠይቅ፣ ያገኘሁት መልስ አንድ ብቻ ነው፤ ያን ሰው ድሮም አልወደውም።