የክቡ አዳራሽ ግንበኛና አባቱ

«ተረት ተረት!»
«የላም በረት!»
«እንዲህ በቀስታ ነው እንዴ? ራታችሁን አልበላችሁም? በሉ ጠጋ በሉ፤ የዛሬው ሆድ የሚያባባ ነው።»

በድሮ ዘመን በሮም አገር ሩፎስ የሚባሉ ሽማግሌ ግንበኛ ነበሩ። ሉቂዮስ የሚባል አንድ ልጅ ነበራቸውና ሙያቸውን አስተማሩት። ልጁም ጎበዝ ሆነ። «ከአባቱ በለጠ» ተባለለት። እሳቸውም ይህን ሲሰሙ ደስ ይላቸው ነበር።

የአገሩም ንጉሥ አዲስ የግብር አዳራሽ አማረው። አዳራሽ አጥቶ መሰላችሁ? ሳይቸግር ጤፍ ብድር! ሉቂዮስንም አስጠራና፦

፦ ክብ አዳራሽ ሥራልኝ። ጣሪያው የድንጋይ ይሁን፤ እንደ ተደፋ ገበቴ። ምሰሶ እንዳላይበት። ከአናቱም ቀዳዳ ይኑረውና እንግዶቼ ሲበሉ አበባ ይርገፍባቸው። ለመከር በዓል ካደረስህልኝ ከጎኔ ትበላለህ፤ አለው።

በዚያ አገር ግንበኛ ከንጉሥ ጋር በልቶ አያውቅም። ሉቂዮስም እንቅልፍ አጣ። እንጨት ረበረበና በእንጨቱ ላይ ድንጋዩን በኖራ እያያዘ ጣሪያውን ገጠመ። የቀረው ደግፎ የያዘውን እንጨት መንቀል ነበር። ያን ጊዜ አባቱ፦

፦ ልጄ፣ ኖራው ገና አልጠናም። ጥቂት ወራት ይቆይ። ለንጉሡ ንገረው፤ አሉ።

፦ ደርቋል አባባ! ይልቅ በዓሉ ደርሷል፤ አለ።

እነዚያ ግንበኞች አንድ ሥርዓት ነበራቸው። ድጋፉ ሲነቀል፣ ጣሪያውን የሠራው ሰው ከሥሩ መሐል ላይ ይቆማል። ሥራውን ካመነ ይቆማል። ካላመነ እንጨቱ አይነካም።

ቀኑም ደረሰና ሉቂዮስ መሐል ገባ። ቀና ቢል ኖራው እርጥብ ሆኖ ታየው። «አይነቀል» እንዳይል ከንጉሡ ጎን ያለው ቦታ አሳሳው። ከዚያም ወደ አባቱ ዞረና፦

፦ አባባ፣ ንጉሡ አስጠርቶኛል። እስቲ በእኔ ቦታ ይቁሙልኝ፤ አለ።

ማንም አልጠራውም ነበር። ሽማግሌውም ዓይን ዓይኑን አዩትና፦

፦ ሂድ ልጄ፤ አሉ።

እሱም ወጥቶ ከግንቡ ጀርባ ተሸሸገ። ሩፎስ መሐል ላይ ቆሙ። ሠራተኞቹ እንጨቱን ነቀሉ። ጣሪያው ተንቋቋ፣ አቧራ ረገፈ፣ ከዚያም ጸጥ አለ። አልወደቀም! ሕዝቡ እልል አለ። ሉቂዮስም እየሮጠ ገባና አባቱን ሊያቅፍ እጁን ዘረጋ። እሳቸው አቧራውን ከትከሻቸው አራገፉና፦

፦ ጣሪያህ ጠንካራ ነው። ንጉሡ ምን አለህ? አሉት።

ሉቂዮስ የዘረጋውን እጁን ሰበሰበ። ሩፎስም መዶሻቸውን አንሥተው ወደ መንደራቸው ሄዱ።

በበዓሉ ቀን ሉቂዮስ ከንጉሡ ጎን ጋደም አለ። አትሳቁ፣ የዚያ አገር መኳንንት ጋደም ብለው ነው የሚበሉት። ጥብሱ ቀረበ፣ ወይኑ ተቀዳ፣ አበባው ረገፈበት። እሱን ግን አልጣመውም። ቢጎርስ አባቱ፣ ቢጠጣ አባቱ። «ምነው ያኔ ራሴ ቆሜ በወደቀብኝ!» አለ በልቡ። ግን የፈሰሰ ውኃ አይታፈስም።

በማግስቱም ወደ አባቱ ቤት ሄደ። እሳቸው እግሩን አጥበው አበሉት። አልተቆጡትም፣ ያን ነገርም አላነሡበትም። ከበሉም በኋላ የሚያፈሰውን ጣራቸውን ሊጠግኑ መሰላል አቆሙ። ሉቂዮስ ቃል ከአፋቸው ሳይወጣ ሮጦ መሰላሉን ያዘላቸው።

፦ ተወው ልጄ፤ አሉ በቀስታ። ጎረቤታችንን ጥራልኝ። እሱ ይያዝልኝ።

ሉቂዮስም እጁን ከመሰላሉ ላይ አነሣና እንባውን እየጠረገ ጎረቤቱን ሊጠራ ሄደ።

እኔም ተረቴን እዚህ ላይ አሳረፍኩት። እናንተ ደግሞ ተነሡና ዳቦ ቁረሱ፤ ስተርክ የደረቀ አፌን አብሱልኝ።