የፊታውራሪ ጓንጉል ውሾች

የወንዝ ማዶ ሰዎች ከብት ሊዘርፉ በሚመጡበት ቀን የፊታውራሪ ጓንጉል ውሾች ለምን ይታሰራሉ? የውሾቹ ቀላቢ፣ ባሏ ከእንዲህ ያለ ዘረፋ በኋላ ዘምቶ ከቀረ ወዲህ፣ ይህን ጥያቄ በሆዷ ይዛ ኖራለች። ዘንድሮም ፊታውራሪ ከብቶቻቸውን ወንዝ ዳር አሳድረው ውሾቹን እንድታስር አዘዟት፤ ከብቶቹም ተነዱ።

በማግስቱ ነጋሪት ተጎሰመ።

«በሰላም ተቀምጠን ተደፈርን!» አሉ ፊታውራሪ። «ከየቤቱ አንድ ወንድ ይዝመት። ለጠላት መንገድ የከፈተ ከሃዲ ካለ ደግሞ ልጆቹ ሁሉ ከፊት ይሰለፋሉ!» ወደ ቀላቢዋም ዞሩ። «አንቺ፣ ልጅሽ አየነው የታለ?»

ያላት እሱ ብቻ ነው።

«ይመጣል ጌታዬ። ግን ከፊት ነው ከኋላ የሚሰለፈው?»

«ምን ማለትሽ ነው?»

«ውሾቹን ያሰርኩት እኔ ነኝ። ጥፋቱ የኔ ከሆነ አየነው ከፊት ይሁን። ያዘዘኝ ሰው ጥፋት ከሆነ ግን የእርስዎ ሦስት ልጆች ይቅደሙ፤ የኔው ከኋላ ይከተላቸዋል።»

ሕዝቡ ሳቁን በጋቢው አፈነ። ፊታውራሪ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«እንግዲህ... ከብቶቹ ሣር ፍለጋ ራሳቸው ተሻግረው ይሆናል። ሽማግሌ ይላክ።»

ቀላቢዋ ቤቷ ገብታ የውሾቹን ገመድ ሁሉ ምድጃ ውስጥ ከተተችው።