ያልተፈታችው ካንዴላ

አንድ ባለጀልባ ነበረ፤ ኑሮው በሐይቅ ዳር ነው። ጀልባው በትንሽ የቤንዚን ሞተር የምትሄድ ስትሆን በሐይቁ መካከል ያለውን ደሴት ሰዎች ወደ ገበያ፣ ገበያተኛውንም ወደ ደሴቱ ያመላልስባታል። ሞተሩን እንደ ዓይኑ ብሌን ያየዋል። ጠዋት ጠዋት ላዩን በጨርቅ ይወለውለዋል፤ የዘይት ጠብታ እንኳ አይታይበትም።

ሞተሩን የገጠመለት መካኒክ ሽማግሌ ነበር። በመጀመሪያው ቀን ከሞተሩ ራስ ላይ ጣት የምታህል ነገር ፈትቶ መዳፉ ላይ አኖረለት።

«ይህች ካንዴላ ናት» አለው። «ቤንዚኑን የሚያቀጣጥለው ብልጭታ የሚወጣው ከዚህች ጫፍ ነው። በየሁለት ሳምንቱ ፍታትና እያት። ጫፏ የተቆላ ገብስ ከመሰለ ሞተርህ ጤነኛ ነው። ጠቁሮ ጥላሸት ከያዘ ግን ጥረገው። ካልፈታሃት አታውቃትም።» መፍቻውንም ሰጠው።

ሰውየው አንድ ዓመት ያህል እንደታዘዘው አደረገ። ከዚያ ሥራ በዛ። ተሳፋሪ «ቶሎ በል እንጂ!» ሲለው «ለዛሬ ይለፈኝ» ይላል፤ ነገም እንዲሁ። ቀድሞ ገመዱን አንዴ ሲስበው ይነሳ የነበረው ሞተር በሁለተኛው፣ ኋላም በአምስተኛው ይነሳ ጀመር። ሰዎች «ምን ሆነብህ?» ሲሉት «ብርዱ ነው፤ ሲሞቅ ይተወዋል» ይላቸዋል። እውነትም ሲሞቅ ይተወው ነበር። ያዘናጋውም ይኸው ነው።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ ከደሴቱ በታንኳ የመጣ ሰው እየሮጠ ደረሰበት። «እህትህ ምጥ ጠንቶባታል። አዋላጇ ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዷት ብላለች፤ ድረስላት!» አለው። እህቱ ደብሬ የእናቱ ልጅ ናት፤ ከእሷ ሌላ ወንድምም እህትም የለውም። ገመዱን ደጋግሞ ስቦ እንደምንም ሞተሩን አስነሳና ደሴቱ ደረሰ። ሞተሩን አጠፋ፤ ደብሬን በቃሬዛ አመጧትና አሳፈሯት። ገመዱን ሳበ። ሞተሩ አልተነሳም። ደግሞ ሳበ፣ ደግሞ ሳበ። ቤንዚኑ ይሆናል ብሎ ቤንዚን ቀየረ። መዳፉ እስኪላጥ ሳበ፤ በመጨረሻ በንዴት ሞተሩን በእርግጫ መታው።

አብረዋት የመጡት ሁለት ወንዶች መቅዘፊያ አንስተው ይቀዝፉ ጀመር። ነፋሱ ግን ከፊት ነበርና ጀልባዋ አልራመድ አለች። ፀሐይ አናት ላይ ወጣች። ደብሬ ጥርሷን ነክሳ «ወንድሜ፣ ገና ነው እንዴ?» አለችው።

«ደርሰናል» አላት። አልደረሱም።

የሽማግሌው ቃል ትዝ ያለው ያኔ ነው። ከመቀመጫው ሥር የዛገውን መፍቻ አውጥቶ ካንዴላዋን ፈታት። ጫፏ ከሰል መስሎ፣ በቤንዚን ርሶ፣ ጥላሸቱ ብልጭታው የሚዘልበትን ክፍተት ደፍኖት ነበር። በቢላ ፋቃት፣ በሸሚዙ ጠረጋት፣ መልሶ አሰራት። ገመዱን አንዴ ሳበ። ሞተሩ ተነሳ። ሰው ጫማውን አስሮ እስኪቆም እንኳ አልፈጀበትም።

ጤና ጣቢያ ደረሱ። ደብሬ ተረፈች። ልጇ ግን አልተረፈም። ነርሷ «ትንሽ ቀደም ብላችሁ ቢሆን…» ብላ ጀመረችና ፊቱን አይታ ተወችው።

ደብሬ አልወቀሰችውም። እንዲያውም «ሞተር ነው፤ ይበላሻል። አንተ ምን ታደርግ?» እያለች ታጽናናው ነበር። ባጽናናችው ቁጥር ይብስበታል። ወራት እንዲህ አለፉ። በመጨረሻ ደጇ ላይ ተቀምጦ የካንዴላዋን ነገር አንድም ሳያስቀር ነገራት። 

«ያን ያህል ቀላል ከነበረ» አለችው፣ «ለምን ቀደም ብለህ አላየሃትም?»

 

አንተስ ልጄ፣ ይህን ሳልነግርህ በፊት ምን ብለህ ጠየቅኸኝ? «ከወንድሜ ጋር ትንሽ ቅር ተሰኝተናል፤ ሰላምታ ግን አላቋረጥንም። ለፋሲካ ስንገናኝ ባነጋግረው ምን ይጎዳል?» አልኸኝ። ሰላምታችሁ ሰውየው ጠዋት ጠዋት የሚወለውለው የሞተሩ ውጭ ገጽ ነው፤ ቅያሜው ደግሞ ውስጥ የተያዘው ጥላሸት። የወንድምህ ስም ሲነሳ መልስህ እየዘገየ መምጣቱን እኔ እንኳ አይቻለሁ፤ አንተ ግን «ይተወኛል» ትላለህ። ያ ባለጀልባ ክፉ ሰው አልነበረም፤ እህቱን ይወዳት ነበር። ካንዴላዋን ሳያይ የቀረው ነገሩ ከባድ ሆኖበት ሳይሆን ቀላል ስለሆነ ነው፤ ቀላል ነገር ሁልጊዜ ነገ የሚደርስ ይመስላል። ወንድምህ አንተን የሚፈልግበትን ቀን ግን አንተም እሱም አታውቁትም። ፋሲካ ገና ሩቅ ነው፤ የወንድምህ ቤት ቅርብ ነው። ተነስና ሂድ።