በገደሉ ወዲህና ወዲያ

መምህርት እማዋይሽ ይህን ታሪክ ለማንም ተናግራ አታውቅም፤ ለእናቷም፣ ለንስሐ አባቷም ቢሆን። ተጠይቃ ባይሆን ኖሮ አሁንም አትናገረውም ነበር። የጠየቀቻት ጥሩአየሁ የምትባል ተማሪዋ ናት። የባዮሎጂ ክፍለ ጊዜ አልቆ ሌሎቹ እየተንጫጩ ሲወጡ፣ ልጅቱ ደብተሯን ታቅፋ ወደ ሰሌዳው ተጠጋች።

«ቲቸር፣ አንድ ዝርያ ለሁለት ይከፈላል ብለውናል። የሚከፈለው መቼ ነው? ቀኑን ማን ያየዋል?»

«መጽሐፉ ላይ አለ እኮ።»

«አንብቤዋለሁ። ቃሉ ገብቶኛል፤ ነገሩ ነው ያልገባኝ።»

መምህርቷ ፈገግ አለች። ዐይኗን ወደ መስኮቱ መልሳ፣ ጠመኔውን በጣቶቿ እያሻሸች ጀመረች።

አንድ ገበሬ ነበረ። ሁለት ወንዶች ልጆች ነበሩት። መሬቱ በጥልቅ ገደል ወዲህና ወዲያ ስለነበረ፣ ለታላቁ ወዲህኛውን፣ ለታናሹ ወዲያኛውን አካፈላቸው። ገደሉ ላይ እንደ ድልድይ የተጋደመ አለት ነበርና ወንድማማቾቹ ጠዋት ቢለያዩ ማታ ይገናኙ ነበር። አንድ ክረምት አለቱ ተናደ። አልተጣሉም፤ አልተራገሙም። አለቱ ብቻ ወደቀ።

መጀመሪያ ማታ ማታ ከየአፋፉ ይጣሩ ነበር። «አለህ ወይ?» «አለሁ!» አባታቸው የሞተ ዕለት በሁለቱም አፋፍ አንድ ሙሾ ተለቀሰ። እነሱ አርጅተው ሲያልፉ ግን ልጆቻቸው የሚጣሩት በዓል ሲመጣ ብቻ ሆነ። በልጅ ልጆቻቸው ጊዜማ ከማዶ ድምፅ ሲሰማ ውሻ ይጮህ ጀመር።

ወዲህ ጤፍ ተዘራ፤ ወዲያ ማሽላ። ወዲህ እህሉ ቀድሞ ጎተራ ስለሚገባ ሠርግ በጥር ሆነ፤ ወዲያ ስለሚዘገይ ከፋሲካ በኋላ ሆነ። መተጫጫውም እያደር ተለያየ። ወዲህ ጎረምሳው ለወደዳት ልጅ ሎሚ ይወረውርላታል፤ ካነሳችው እሺ ብላለች። ወዲያ ደግሞ ውሃ አጠጪኝ ይላትና ግማሹን ጠጥቶ ቅሉን ይመልስላታል። የቀረውን ከጠጣችው የእሱ ናት፤ ከደፋችው ነገሩ አበቃ፤ ሁለተኛ መጠየቅ ነውር ነው።

ከብዙ ትውልድ በኋላ ድልድይ ተሠራ። ሰዎቹ ተገናኙ፤ መልካቸው አንድ፣ ቋንቋቸውም አንድ። ሽማግሌዎች ተቀምጠው ትውልድ ቆጠሩ። ሰባት ቤት አልፏል። «እንግዲህ መጋባት ትችላላችሁ» ሲሉ ሰዉ እልል አለ። አንድ አዛውንት ብቻ አለቀሱ።

«ምነው አባቴ፣ በደስታ ቀን?»

«መጋባት ቻልን ማለት እኮ ዝምድናው አለቀ ማለት ነው» አሉ።

ወዲህ በኩል፣ ድልድዩ አጠገብ ካለው ምንጭ ውሃ የምትቀዳ አንዲት ዐይነ አፋር ልጅ ነበረች። ከማዶ ለገበያ የሚመጣ አንድ ጎረምሳ በየሳምንቱ እዚያ ያርፋል።

«አንቺ፣ ምንጩን በርስት አገኘሽው እንዴ፣ ሁልጊዜ አንቺ ብቻ የምትገኚበት?» ብሎ ይነካካታል።

«ውሃ የሚቀዳ ሰው ምንጭ ላይ ነዋ የሚገኝ» ትለዋለች እየሳቀች። «አንተስ ገበያው የት እንደሆነ ጠፋህ?»

«እኔማ ገበያ ምን አለኝ፤ አህያዬ ናት እየጎተተች የምታመጣኝ።»

ልጅቷ ቤቷ ስትገባ ብቻዋን ትስቃለች። ጥምቀት ሲደርስ ሎሚውን ጠበቀች። እሱም ለበዓሉ ተሻግሮ መጥቶ ነበርና ዐደባባዩ ላይ ፊት ለፊቱ ቆመች። ባዶ እጁን ሰላም ብሏት አለፈ። ሎሚ ለዚህ እንደሚሆን እሱ ከየት ይወቅ?

አንድ የገበያ ቀን ፊቱ ተለውጦ መጣ። ቀልድም የለው። «ውሃ አጠጪኝ» አላት። ቅሉን ሞልታ በሁለት እጇ ሰጠችው። ግማሹን ጠጣና ቅሉን መለሰላት። ልጅቷ ደግሞ በሥርዓት ያደገች ናት። እንግዳ ያስተረፈውን ውሃ መልሰሽ አታጠጪ፣ ደፍተሽ፣ አለቅልቀሽ፣ አዲስ ቅጂለት ብላ ያሳደገቻት እናቷ ናት። ስለወደደችው ከሌላው ቀን ሁሉ አስበልጣ ሥርዓቱን ጠበቀች። ደፋችው። ቅሉን ሁለት ጊዜ አለቀለቀችው። አዲስ ሞልታ ቀና ስትል፣ ጎረምሳው አህያውን እየነዳ ድልድዩ መሐል ደርሷል።

«ኧረ ውሃው!» ብላ ተጣራች። ዞሮ አላያትም።

በሚቀጥለው ገበያ አልመጣም። ከፋሲካ በኋላ ከማዶ ከበሮ ተሰማ፤ ሠርጉ የእሱ ነበር። ልጅቷ ምን እንዳጠፋች ሳታውቅ ዓመታት አለፉ። ኋላ ከማዶ ተድራ የመጣች አንዲት ሴት፣ ልጇን እያጠባች፣ የአገሯን መተጫጫ እያጫወተቻት ሳለ ያ የውሃ ነገር መጣ። ሴትዮዋ ትስቅ ነበር።

እማዋይሽ ከመስኮቱ ዐይኗን መለሰችና ወደ ጥሩአየሁ ዞረች።

«አየሽ ልጄ፣ የዝርያም ነገር እንዲሁ ነው። አንድ የነበሩትን ወፎች ወንዝ ወይም ተራራ ይለያቸዋል። ወዲህ ዜማው በጥቂቱ ይለወጣል፤ ወዲያ የመራቢያው ወራት በጥቂቱ ይዘገያል። እያንዳንዷ ጫጩት እናቷን ስለምትመስል ቀኑን የሚያይ የለም። የሚታወቀው እንደገና ሲገናኙ ነው። ሳይንቲስቶቹ ብዙውን ጊዜ የሚጠይቁት ይመሳሰላሉ ወይ ብለው አይደለም። ይጣመራሉ ወይ? የወለዱትስ ይወልዳል ወይ? ነው የሚሉት። ፈረስና አህያ በቅሎ ይወልዳሉ፤ በቅሎ ግን መካን ናት፤ ስለዚህ ሁለት ናቸው። ወንዱ ወፍ ዘምሮ ሴቲቱ እንዳልሰማች ጥሬ ከለቀመች፣ ያን ጊዜ አለቱ ከወደቀ ቆይቷል።»

«እነዚያ ሰዎች ታዲያ ሁለት ዝርያ ሆኑ?»

«አልሆኑም። ሰው ምን ገደል ቢለየው አንድ ዝርያ ነው። ወፏ የማዶውን ዜማ ፍቺ የምትጠይቀው የላትም። ሰው ግን መጠየቅ ይችላል። ልጅቷ አፍራ ነው ያልጠየቀችው።» ድምፅዋ ዝቅ አለ። «ልጅቷ እኔ ነኝ፣ ጥሩአየሁ።»

ተማሪዋ ደብተሯን አጥብቃ ያዘች። «ሴትዮዋ ስትነግርዎት… ከዚያ ምን አደረጉ?» አለች።

«ያን ማታ ምንም። ኮሌጅ ገብቼ የወፎችን መተጫጫ ተምሬ፣ ተፈትኜ ያለፍኩ ሰው ነበርኩ፤ ከማዶ ሰው ግን አንድ ነገር ጠይቄ አላውቅም። በማግስቱ ጠዋት ድልድዩን ተሻገርኩ። እሱን ፍለጋ አይደለም፤ እሱማ የልጆች አባት ሆኗል። ገበያ የሚሄዱትን ሴቶች መንገድ ላይ አስቆምኩና፣ ‹እናንተ ዘንድ ሌላው ነገርስ እንዴት ነው? ሰው ሲከፋው ምን ያደርጋል? ሲናፍቅስ? ይቅርታ የሚባለውስ እንዴት ነው?› ብዬ ጠየቅኳቸው። ሳቁብኝ። እኔ ግን ቆሜ ጠበቅኩ፤ መልሱን ሳልሰማ አልተመለስኩም።»