የተለሰነው ቋሚ

አንድ ሰው ነበረ፤ እንዳንተ መዶሻ የለመደ፣ እንዳንተ «የድሃ ቤት ለመጠገን ፈተና ምን ያደርጋል?» የሚል። ወጣት ነበር፤ ርቦት ነበር። ማን እንደሆነ ግን አልናገርም።

በዚያ ዓመት ቀበሌው የአቅመ ደካሞችን ቤት በሕዝብ ገንዘብ ያስጠግን ነበር። ሥራው የሚሰጠው ተፈትኖ የብቃት ወረቀት ላገኘ አናጢ ብቻ ነው። ሰውየው የሌላ አናጢ ወረቀት ተውሶ አሳየ። አራት ቤት ደረሰው። የመጨረሻው የአንዲት ባልቴት ጭቃ ቤት ነበር።

የጓሮውን ግድግዳ ሲያራግፍ የማዕዘኑን ቋሚ ምስጥ በልቶት አገኘው። ቋሚ የሚቀየረው ጣራው በድጋፍ ከተያዘ በኋላ ነው። እሱ ድጋፉ የት እንደሚቆም አያውቅም። ሰው ልጠይቅ ቢል ወረቀቱ የማን እንደሆነ ይታወቅበታል። ስለዚህ ጭቃ መረገበት፣ ለሰነው፣ ኖራ ቀባው። የቀበሌው ሰው ከደጅ አይቶ ፈረመ።

ሐምሌ ገባ። ዝናብ በመጣ ቁጥር ቤት ሲፈርስ የሚሰማው ይመስለው ጀመር። አንድ ቀን ከሰዓት ሄዶ አየ። ኖራው ከሥር ተሰንጥቋል፤ ግድግዳው አብጧል። ሲገባ አልጋው ከቦታው ተነስቶ እዚያው ግድግዳ ሥር ተጠግቷል።

«እማማ፣ አልጋውን ማን እዚህ አመጣው?»

«ራሴ ነኛ! ንፋስ የማይገባው በዚህ ብቻ ነው። እጅህ ይባረክ።»

«ይነሱ፣ እንውጣ።»

«በዚህ ዝናብ? የገዛ ሥራህን ትፈራለህ እንዴ?» ብለው ሳቁበት።

«እፈራለሁ። ቋሚውን ምስጥ በልቶታል፤ እያየሁ ነው የሸፈንኩት። ወረቀቱም የእኔ አልነበረም።»

ሳቃቸው ቆመ። ደግፎ አወጣቸው። ጎረቤት በረንዳ ላይ ቆመው ሳሉ ማዕዘኑ ተናደ፤ ቆርቆሮው አልጋው ላይ ወረደ።

ባልቴቲቱ አላመሰገኑትም። «ሌላስ የጠገንከው ቤት አለ?» አሉት።

«ሦስት» አለ። የእነዚያን ቋሚዎች ገልጦ እንኳ አላየም ነበር። በዝናቡ ውስጥ ወደ እነሱ መሮጥ ጀመረ።

አየህ፣ የገዛ ቤቱን የሚያስጠግን ሰው አናጢውን መርጦ፣ አጠገቡ ቆሞ ያሠራል። ባልቴቲቱ ግን የተላከላቸውን ተቀብለው፣ አምነው ይተኛሉ። ፈታኙ የሚጠይቅህ በእሳቸው ፈንታ ነው። አላውቅም የምትለው ነገር ካለ ፈተናው ላይ በል፤ እዚያ ግድግዳ ሥር የተኛ ሰው የለም።