ያልጮኸው ውርንጭላ

አንድ ጊዜ ባሏን ጅብ የበላባት አንዲት አህያ ከወንዝ አጠገብ ካለ ዋርካ ሥር ከአንድ ልጇ ጋር ትኖር ነበር። ከዚያ ክፉ ቀን ወዲህ ፍርሃት ከልቧ አልወጣም። ውርንጭላዋ ትንሽ ራቅ ካለ ትረግጠዋለች፤ ወደ ወንዙ ከወረደማ የኋላ እግሯን አንስታ ትፈነግለዋለች።

ጎረቤቷ ሚዳቋ አንድ ቀን፣ «እቴ፣ ልጁን ጎዳሽው እኮ። በአፍሽ ብትነግሪው አይሰማም?» አለቻት።

«ያልተቀጣ ልጅ ሲቆጡት ያለቅሳል ሲባል አልሰማሽም?» አለች አህያዋ። «የኔ እርግጫ ቢያመው ነው፤ የጅብ ጥርስ ግን ይጨርሰዋል።»

ሚዳቋ ትታት ወደ ግጦሿ ሄደች። ውርንጭላውም ዝም ማለትን ለመደ። ድሮ የዋለበትን ሁሉ ያወራላት የነበረ ልጅ፣ አሁን ሲመሽ ይመጣና ፊቱን ወደ ግንዱ አዙሮ ይተኛል። አህያዋ «ጨዋ ሆነልኝ» እያለች ራሷን ታጽናናለች፤ ዋርካው ሥር ግን ጭር ይልባታል።

ይህን ሁሉ ከቁጥቋጦ ውስጥ ስታይ የከረመች ቀበሮ ወደ ጅብ ሄደች።

«አያ ጅቦ፣ የአህያዋ ልጅ እየተደበቀ ወንዝ ይወርዳል። ሂድና ብላው፤ ለኔ ጉበቱን ታስቀርልኛለህ።»

«እናቱን ቢጠራስ? እርግጫዋን አልችለውም» አለ ጅቡ።

«አይጠራትም። ካንተ ይልቅ እሷን ይፈራል።»

ሊመሽ ሲል ጅቡ ውርንጭላውን ወንዙ ዳር አገኘውና ጭኑን ነክሶ ጣለው። ውርንጭላው አልጮኸም። ጅብ ግን ጅብ ነውና፣ «ጉበቱንም ለብቻዬ» ብሎ ገና ሳይበላ በደስታ አሽካካ። አህያዋ ድምፁን ሰምታ እየጋለበች ወረደች። መንጋጋውን በእርግጫ ስትለው ውርንጭላውን ትቶ እየተንገዳገደ ሸሸ።

«ልጄ፣ ለምን አልጠራኸኝም?»

«ወንዝ መውረዴን እንዳታውቂ ብዬ።»

«ጅብ እየበላህ?»

 ቁስሉን ልትልስለት ጠጋ ስትል ውርንጭላው ዓይኑን ጨፍኖ ኩምትር አለ፤ እርግጫዋን እየጠበቀ ነበር።

ከዚያ ቀን ወዲህ እግሯን አላነሳችበትም። ቁስሉም ደረቀ። እሱ ግን አሁንም ራቅ ብሎ ይተኛል፤ እሷም ልጅ እያላት ልጅ እንደሌላት ሆና፣ ትንፋሹን ከሩቅ ስታዳምጥ ይነጋል።

ከዚህ የምንማረው፣ ልጅን ከክፉ ለማራቅ ብለን የምንሰነዝረው ምት አስቀድሞ ከራሳችን እንደሚያርቀው ነው።