ከአባ ጎፈር እግር ስር የሚወርድ ድንጋይ

ኑማ ልጆቼ፣ ጠጋ ጠጋ በሉ፤ ሐምሌ ነው፣ ዝናቡ አያስወጣንም። ተረቴ መጣ፣ ጆሯችሁን አምጡ።

አባ ጎፈር የሚባል የዝንጀሮ አውራ ነበር። ጠዋት ጠዋት መንጋውን እየመራ ገደሉን ሲወጣ ሁሉም ወደ ጎን ይበተናል፤ ከኋላው የሚሄድ የለም። «ምን ዶልተውብኝ ነው?» እያለ እንቅልፍ አጣ።

አንዱን ጎረምሳ ጠርቶ «ስመራችሁ አካሄዴ እንዴት ነው?» አለው።

«ጌታዬ፣ እንደ ላባ!» አለ ጎረምሳው፣ ያበጠ ግንባሩን እያሻሸ።

አላመነውም። አሮጊቷን ዝንጀሮ ጠየቃት።

«ድንጋይ ትፈነቅልብናለህ፣ ልጄ።»

«ቦታዬን ፈልገሽ ነው!»

«እንግዲያው ነገ እኔ ልምራ፣ አንተ ተከተለኝ።»

«ይቺ አንድ ነገር አስባለች» እያለ በማግስቱ እግር እግሯን እያየ ተከተላት። ምን ልበላችሁ፣ ድንጋይ ተንከባሎ መጣና ግንባሩን ቋ!

«ይኸው፣ ልትገድይኝ ነው!»

«ውይ ልጄን! ወደ ላይ ሳይ አላየሁህም እኮ።»

አባ ጎፈር ግንባሩን ሲያሻሽ የጎረምሳው ያበጠ ግንባር ትዝ አለው። እሱም ሲመራ አንድ ቀን እንኳ ወደ ታች አይቶ አያውቅም።

ከዚያ ወዲያ ድንጋዩን በእጁ እየሞከረ ይወጣል፤ መንጋውም ከኋላው ይከተላል። አሮጊቷ በዕድሜዋ ሞተች። ጎረምሳው ሲጠየቅ ዛሬም «እንደ ላባ!» ይላል፤ አባ ጎፈር ግን መጀመሪያ ግንባሩን ያያል።